ከ40 ዓመት በኋላ ደቃቅ ፊደል ለማንበብ፦ ዓይንንና አእምሮን ማለማመድ

መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ልጅ መጥራት ከጀመሩ፣ የሞባይል ካርድ ቁጥር ለማንበብም ወደ በራፍ ከወጡ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ሌንስ መጠንከሩ ነው። ሌንሱ በወጣትነት ቅርጹን እየቀየረ ቅርቡን ያጠራል፤ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ይህ ይሳነዋል። ዓይንን ማሸትም ሆነ ማዟዟር ሌንሱን አያለሰልሰውም። ፀሐይ ላይ ማፍጠጥ ደግሞ ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ያቃጥላል፤ ማንም ቢመክርዎ አይሞክሩት።

የሚለማመደው አእምሮ ነው። ከዓይን የመጣውን ብዥታ ፊደል ብሎ የሚለየው በራስ ቅል የኋላ ክፍል ያለው የአእምሮ ክፍል ሲሆን፣ እሱ በጎልማሳነትም ይማራል። የእይታ ተመራማሪው ዩሪ ፖላትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ደብዛዛ ምስሎችን በመለየት የሠለጠኑ ጎልማሶች ደቃቅ ጽሑፍን በተሻለ ፍጥነት ማንበብ ችለዋል፤ የሌንሳቸው የማጥራት አቅም ግን እንደነበረው ነው። እንግዲህ ልምምዱ መነጽር አያስጥልም። ያለ መነጽር ዋጋ ወይም ምልክት ለማየት ግን ይረዳል።

ከልምምዱ በፊት ይመርመሩ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሌላ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የመነጽር ልክ ብቻ ተለክቶ እንዳይሸኙ የዓይን ግፊትዎና ሬቲናዎም እንዲታዩ ይጠይቁ። የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ በአብዛኛው ሳያምም ከጠርዝ ጀምሮ እይታን ይበላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ሬቲናም ሳይሰማው ሊጎዳ ይችላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ገጽ መሐል አንድ ነጥብ ያድርጉ። የማንበቢያ መነጽርዎን አድርገው፣ ገጹን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይዘው፣ አንድ ዓይን ከድነው ነጥቡን ይዩ፤ ከዚያ ሌላኛውን። መስመሮቹ ከተጣመሙ ወይም መሐሉ ከጠፋ ልምምዱን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ድንገት የሚመጣ ብልጭታ፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ ወይም ከሕመም ጋር የቀላ ዓይን ለነገ አይባልም።

ብርሃኑ ከልምምዱ እኩል ያስፈልጋል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚያርፈው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ሬቲና ላይ ከሚያርፈው ሲሶ ገደማ ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ደመናው ክፍሉን ያጨልመዋል። በመስኮት አጠገብ ጎንዎን ለብርሃኑ ሰጥተው ይቀመጡ። መብራት ሲያበሩ አምፖሉ ከገጹ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ወደ ዓይንዎ ግን አያብራ። ደማቅ ብርሃን የዓይን ብሌንን ስለሚያጠብ ብቻውን እንኳ ብዥታውን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ልምምዱ። የእኛ ፊደል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነው፤ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። ቡ እና ቢ ደግሞ ቅጥያቸው ከመሐል ወይም ከእግር በመውጣቱ። በኮምፒውተር ወይም በስልክ ስላይድ ማዘጋጃ ላይ ትርጉም የሌላቸው ሦስት ሦስት ፊደሎችን በነጭ ስላይድ መሐል ይጻፉ፤ ለምሳሌ ኘተቢ፣ ሸነቡ፣ ቸሰኘ። 60 ያህል ያዘጋጁ። የፊደሉን ጥቁረት በስድስት ደረጃ ይክፈሉት፦ 100፣ 50፣ 30፣ 20፣ 12 እና 8 ከመቶ። ማተም አይመከርም፤ ፕሪንተር ግራጫን የሚሠራው በጥቃቅን ነጥቦች ስለሆነ ደቃቅ ፊደል ይቆራረጥና ስህተቱ የማን እንደሆነ አይለይም። የስክሪኑን ብርሃን በአንድ ልክ ያቁሙት፤ በራሱ የሚቀያየረውንና ቢጫ የሚያደርገውን የማታ ማስተካከያ ያጥፉ።

40 ሴንቲ ሜትር ክር ቆርጠው አንዱን ጫፍ ከስክሪኑ ጋር ያስሩ፤ ሌላው ጫፍ ጉንጭዎ ላይ ይድረስ። የርቀት መነጽር ካለዎት ያድርጉት፤ የማንበቢያውን ያውልቁ። ሙሉ ጥቁር የሆነውን ፊደል በጥረት የሚያነቡበትን መጠን መነሻ ያድርጉ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገብዎ ተቀምጦ እያንዳንዱን ስላይድ ለአንድ ሰከንድ አሳይቶ ይደብቀው፤ እርስዎ ያዩትን ይናገሩ። ሦስት ተከታታይ ልክ ሲሆን አንድ ደረጃ ወደ ደብዛዛው ይውረዱ፤ አንድ ሲስቱ አንድ ደረጃ ይመለሱ። በዚህ አካሄድ ከአሥር ስምንት ያህል ልክ በሚሆንበት ወሰን ላይ ይቆያሉ። ሁሉንም የሚመልሱ ከሆነ ምንም እየተማሩ አይደለም፤ ግማሹን የሚስቱ ከሆነ እየገመቱ ነው። 8 ከመቶው ሲቀልልዎ ፊደሉን አሳንሰው ከ100 ይጀምሩ።

በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሁለት ወይም ሦስት ወር። በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት መቀመጥ ራስ ምታት እንጂ ውጤት አያመጣም። በየሳምንቱ ግማሾቹን ስላይዶች ይቀይሩ፤ አለዚያ አእምሮ ማየቱን ትቶ ይሸመድዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሳያውቁት ወደፊት በማዘንበል ነው፤ ክሩ የሚረግብ ከሆነ ውጤቱ የውሸት ነው። ከሰልና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል አይለማመዱ፤ ዓይን ሲደርቅ ፊደሉ ይወራጫል። አዘውትረው ዓይንዎን ያርገብግቡ፤ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ በመስኮት ሩቅ ይመልከቱ። ያለ ትዕዛዝ የተገዛ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ግን አይጨምሩ፤ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የዓይን ሞራንም ያመጣል።

በቀኑ መጨረሻ የደረሱበትን ደረጃና የፊደል መጠን በደብተር ይመዝግቡ። ሁለት ሳምንት ባለበት መቆም የተለመደ ነው። በተከታታይ ሁለት ቀን ከሁለት ደረጃ በላይ ወደ ኋላ ከተመለሱ ግን አንድ አንድ ዓይንዎን ለየብቻ ይፈትሹና ሐኪም ይጠይቁ።

ለውጡን በሥራ ላይ ለማየት ከቡና የተሻለ መፈተኛ በእኛ አካባቢ የለም። አንድ ጭብጥ ጥሬ ቡና መጀመሪያ ነጭ ትሪ ላይ፣ ቀጥሎ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ጥቁሩንና ነቀዝ የበሳውን ይልቀሙ። ሰፌዱ ላይ ፍሬው ከሥሩ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል ይከብዳል። በየወሩ ያንኑ ያህል ቡና ለቅመው የወሰደብዎትን ጊዜና ያመለጠዎትን ፍሬ ያወዳድሩ። ረጅም ለማንበብ ግን መነጽርዎን ያድርጉ፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ለማጥራት 2.50 ዲዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ያስፈልጋል፤ የጠነከረው ሌንስ ያጎደለውን የሚሞላው መነጽሩ ነው።