ራጅ እምቢ ሲል፦ ቲዩቡን ከመክሰሳችሁ በፊት

የራጅ ማሽኑ እምቢ ሲል ፊውዝ፣ ብሬከር፣ የበር ማይክሮስዊች (በሩ መዘጋቱን የሚያውቀው ትንሽ ማብሪያ) አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ራጅ የሚወጣው እንዲህ ነው። ቲዩቡ (ራጅ የሚወጣበት፣ አየር የሌለው የብርጭቆ ቱቦ) ውስጥ፣ ካቶዱ በሚባለው ጫፍ ያለው ቀጭን ሽቦ፣ ፊላመንቱ፣ ግሎ ኤሌክትሮን ይተፋል። ከፍተኛው ቮልቴጅ ያንን ኤሌክትሮን ይወረውረዋል። ከፊት ለፊቱ የሚሽከረከረው ዲስክ፣ አኖዱ፣ ላይ ያለው ቱንግስተን ድንገት ያስቆመዋል። ከዚህ ግጭት ራጅ የምትሆነው 1 በመቶ ገደማ ናት፣ ሌላው ሁሉ ሙቀት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲያስቸግር ጥያቄው አንድ ነው፦ የጎደለው ትፋቱ ነው፣ ውርወራው ነው ወይስ ማቆሚያው?

ኤምኤ (በቲዩቡ የሚያልፈው ከረንት) ዜሮ፣ የፊላመንት ኤረር። ሁሉም "ቲዩቡ ሞቷል" ይላል። ቆይ! የካቶዱን ኬብል ንቀሉና ቲዩቡን ራሱን በቴስተር ለኩት። ጥቂት ኦም ካነበበ ፊላመንቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ኬብሉ ላይ ወይም ከእሱ ወዲህ ነው። አንድ ሆስፒታል ለአዲስ ቲዩብ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ጨርሶ ነበር። ሄጄ ስፈታው የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ፒን ላልቷል። የፒኑን ስንጥቅ በቢላ ጫፍ ትንሽ ከፈት አደረግኩት፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመሩ። ግን ልብ በሉ፦ ማሽኑ ጠፍቶም ካፓሲተሩና ኬብሉ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ዋናውን አጥፉ፣ ጠብቁ፣ የነቀላችሁትን ጫፍ ወዲያው ከቻሲው ጋር አስነኩት። እጃችሁን አታስቀድሙ።

በዝቅተኛ ኬቪ (ኤሌክትሮኑን የሚወረውረው ቮልቴጅ) ይሠራል፣ ከፍ ሲል "ጧ!" ብሎ ይዘጋል። ይሄ ነው ያሰለቸኝ። መጀመሪያ የኬብሉን መግቢያ ክፈቱ። ግሪሱ ደርቆ ወይም አየር ይዞ ከሆነ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ፣ እድለኛ ናችሁ። ንጹህ ከሆነ ግን ወደ ፎቶ ማንሻው ቁልፍ ሂዱና ባለሙያው እንዴት እንደሚጫን ቆማችሁ እዩ።

ቁልፉ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ሲጫን ፊላመንቱ ከማረፊያ ሙቀቱ ተነስቶ ከ2000 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ አኖዱም በደቂቃ ወደ 3000 ዙር ይሽከረከራል። ለዚህ 1 ወይም 2 ሰከንድ ይበቃል። የእኛ ሰው ግን እሱን ተጭኖ ይዞ ነው "እማማ፣ አየር ይሳቡ... አይ አይ፣ ትከሻዎን ወደፊት... አሁን ይያዙት" የሚለው። 15 ሰከንድ ሄደ! ፎቶው ራሱ የሰከንድ ሽራፊ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቱንግስተኑ ይተንናል፣ ትነቱም ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል። አንዱን የተጣለ ቲዩብ በሽፋኑ ውስጥ የከበበውን ዘይት አፍስሼ ሳወጣው የብርጭቆው ውስጥ በብረት ተለብጦ ፊቴን አየሁበት። ኬቪው ከፍ ሲል መብረቁ በዚያ ልባጥ በኩል ይሄዳል። ይሄ ጥገና የለውም፣ ቲዩብ መቀየር ብቻ። እዚያው ቦታ አዲስ ገጥመን፣ አጫጫኑ ስላልተቀየረ ዓመት ሳይሞላው ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ከቁልፉ በላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፦ "ታካሚውን አስተካክለህ ጨርስ፣ ከዚያ ተጫን።"

በነገራችን ላይ ሮንትገን በ1895 ራጅን ሲያገኝ የሚግል ፊላመንት አልነበረውም፣ ኤሌክትሮኑን የሚያገኘው ቱቦው ውስጥ በቀረችው ጋዝ ነበር። ኩሊጅ በ1913 ፊላመንትና ጥሩ ቫኪዩም አመጣ። አሁን ጋዝ ከገባ በሽታ ነው፣ እሱም "ጧ!" ያሰኛል።

ፎቶው ቀን ከቀን እየሳሳ ሄደ። ሲተኮስ የመስመሩ ቮልቴጅ ይወርድ እንደሆነ ለኩ። ካልወረደ አኖዱ ተቦርብሮ ይሆናል። ኤምኤኤስ (ኤምኤ በሰከንድ ተባዝቶ) እየጨመሩ መሥራት ያው አኖዱን ማቃጠል ነው። ጠዋት በብርድ፣ ቲዩቡ ሳይሞቅ የወገብ ፎቶ በሙሉ ጉልበት የሚያነሳ ሰው ደግሞ አኖዱን ይሰነጥቀዋል። በማኑዋሉ መሠረት ከትንሽ ጀምራችሁ አሙቁ፤ ኮሊሜተሩ (የጨረሩን መውጫ የሚያጠበው መዝጊያ) ተዘግቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር!

ሲዞር እንደ ወፍጮ ይጮኻል፦ ኩሽኔታው አልቋል። ያለው ቫኪዩም ውስጥ ስለሆነ ግሪስ ይዛችሁ አትምጡ።

ዘይት ያንጠባጥባል፦ አቁሙት።

ቲዩብ ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን የቲዩቡ ሽፋን ላይ ያለውን የተመረተበትን ቀን አንብቡ። "አዲስ ነው" ብለው መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተኛ ይሸጡላችኋል። የተኛ ቲዩብ ጋዝ ስለሚይዝ ገጥማችሁ በቀጥታ 120 ኬቪ እንዳትለቁበት። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አውጡት። "ጧ!" ካለ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ፣ አሳርፉት፣ እንደገና ሞክሩ።