የፀጉር ቀለም አለርጂ ይዞ ጀርመን ውስጥ የግል የጤና ኢንሹራንስ እንዴት እንደሚገባ

ጥቁር ቀለም በተቀባሁ በማግስቱ ዓይኔ አልገለጥ አለ። ከጆሮዬ ጀርባ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ ሐኪም ቅባት አዘዘልኝ፤ ዳንኩ፤ ረሳሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ክራንከንካሴ ከሚሉት የሕዝብ የጤና ኢንሹራንስ ወጥቼ የግል ኢንሹራንስ ስገባ፣ «ባለፉት 3 ዓመታት ታክመዋል?» የሚለው ላይ «አልታከምኩም» ብዬ ሞላሁ። ቀለሙን ከተውኩት ምን ያገባቸዋል ብዬ ነው። በኋላ የቆዳ ሐኪም ደረሰኝ ሳስገባ ማህደሬን አስመጡ። ወርሃዊ ክፍያዬ ላይ ጭማሪ ጣሉብኝ፣ ያውም ወደ ኋላ ቆጥረው።

ክራንከንካሴ ውስጥ ለምትቆዩ ይሄ ሁሉ አያሳስብም፤ እዚያ የጤና ጥያቄ የለም። ወደ ግል የምትሄዱ ግን እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ አለርጂውን በስሙ እወቁት። በጥቁር ቀለም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል ነው። የቆዳ ሐኪም ጀርባችሁ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፣ በ48 ሰዓት ያነሳል፣ በ72 ሰዓት ደግሞ ያያል።

ቀጥሎ ማህደራችሁን አውጡ። እባካችሁ ይቺን አትዝለሉ። ቅጂ ማግኘት በሕግ መብታችሁ ነው። ወሳኙ በሽታው የተመዘገበበት ኮድ ነው። ኤል 23.2 ማለት ከመዋቢያ የመጣ የንክኪ አለርጂ ነው፤ ቀለሙን ከተዋችሁ ወጪ የለውም። ኤል 20 ግን ጀርመኖች ኖይሮደርሚቲስ የሚሉት፣ ለዓመታት የሚመላለስ የቆዳ በሽታ ነው። ኩባንያው እሱን ሲያይ የሚታየው የዓመታት ደረሰኝ ነው። ከኮዱ ኋላ ያለችውንም ፊደል እዩ፦ ጂ «የተረጋገጠ»፣ ቪ «የተጠረጠረ»፣ ዜድ «ያለፈ» ማለት ነው። የኔ ላይ ማንም ሳይመረምረኝ «ኤል 20 ጂ» ተጽፎ አገኘሁት። እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ እንዲያርመው ጠይቁ። መቼ እንደጀመረ፣ ከምን እንደመጣ፣ መቼ እንደዳነ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤም አጽፉ።

ከዚያ ኩባንያዎቹ ይቀበሏችሁ እንደሆነ ስማችሁ ሳይጠቀስ አስጠይቁ። ይህን የሚሠራላችሁ ገለልተኛ ደላላ፣ ማክለር የሚሉት ነው። የአንድ ኩባንያ ወኪል አልመክርም፤ የሚሸጠው የራሱን ብቻ ነው። በስም አመልክታችሁ ከተከለከላችሁ፣ ቀጣዩ ኩባንያ «ተከልክለው ያውቃሉ?» ሊላችሁ ይችላል።

ቅጹን ስትሞሉ የተጠየቃችሁትን፣ ለተጠየቀው ዘመን፣ ሳትደብቁ መልሱ። ደብዳቤውን አያይዙ፣ ቅጂ አስቀሩ።

ጭማሪ ከመጣባችሁም ምክንያቱ ሲቀር እንዲነሳ መጠየቅ ሕጉ ይፈቅዳል። የኔም የተነሳው ሐኪሙ ኮዱን በጽሑፍ ካረመ በኋላ ነው።