ክርስትና ቤት የሚሰጥ ፍርድ

ባሕር ዳር አንድ ክርስትና ቤት ተጠርቼ ነበር። አራሷ ልጇን ከፍ አድርጋ "ዘጠኝ ወር ሙሉ ጠላዬን አልተውኩም፤ ይኸው፣ ምን ጎደለው?" አለች። ሳቅን፤ እኔም ጭምር። በእርግዝና ጊዜ የሚወሰድ መጠጥና ዕፅ ልጅን ምን እንደሚያደርግ ስናስብ ከምንሠራቸው ስህተቶች የመጀመሪያው ይህ ነው፦ በአርባ ቀን የሕፃን ገላ አይቶ መፍረድ።

አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። ፊት ላይ ምልክት ሳይተው የልጁን የጭንቀት ደወል፣ ማለትም ሰውነቱ ለድንጋጤ ምላሽ የሚሰጥበትን መንገድ፣ ሊያዛባ ይችላል። ሰው ሲደነግጥ አንጎሉ ከኩላሊት በላይ ወዳሉት ዕጢዎች መልእክት ይልካል፤ እነሱ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ይረጫሉ፤ ሲበቃ ደግሞ አንጎሉ ያስቆማቸዋል። ደወሉ የሚገነባው ማህፀን ውስጥ ነው፤ የሚፈተነው ግን ከዓመታት በኋላ፣ መምህር ሲቆጣ ወይም ፈተና ሲደርስ ነው።

"ዕፅ" ሲባል ኮኬይንና ሄሮይን ብቻ ማሰብም ሌላው ስህተት ነው። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጠው ጫት ካቲኖን የተባለ አነቃቂ አለው፤ ጫት ከሚቅሙ እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት ክብደታቸው ዝቅ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። አረቄውንማ ማን ይረሳዋል!

የተጎዳ ልጅ የግድ አልቃሻና ደንጋጭ ይሆናል ማለትም ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ ማህፀን ሳሉ ለኮኬይን የተጋለጡ የ11 ዓመት ልጆች አስጨናቂ ሥራ ሲሰጣቸው፣ ኮርቲሶላቸው እንደ እኩዮቻቸው አልጨመረም፤ በቤታቸው ጠብና ድብደባ ያዩት ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ታይቷል። ዝምታውን አይተን "ጨዋ ልጅ" የምንለው ምናልባት ደወሉ የደከመበት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ "ይህ ልጅ አለቀለት" ማለት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጋዜጦች እናቶቻቸው ክራክ ኮኬይን ያጨሱ ሕፃናትን የጠፋ ትውልድ አድርገው ጽፈው ነበር። ልጆቹ እስኪያድጉ የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች ያገኙት ጉዳት ከተፈራው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ድህነትና የቤት ሁኔታም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። መጋለጥ ፍርድ አይደለም፤ የተረጋጋ ቤት፣ የማይጮህ አሳዳጊ፣ ሰዓቱን የጠበቀ እንቅልፍ ደወሉን ያግዙታል።

የመጨረሻው ስህተት ከሐኪም መደበቅ ነው። አረቄ አውጥታ የምትሸጥ፣ ከደንበኛ ጋር በየቀኑ የምትጠጣ ነፍሰ ጡር በአንድ ጀንበር ብታቆም እስከ መንፈራገጥ የሚያደርስ ሕመም ሊገጥማት ይችላል። ስለዚህ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ የምትጠጣውን ልክ ሳትደብቅ ትናገር፤ ማቆሙን በሐኪም እርዳታ ታድርገው።