መርጡለ ማርያምን በእግር ለሚጎበኝ ሰው

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው የዐባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ሲደርስ ዋናውን መንገድ ይተውና በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ይመጣል። ትንሽ በመሆኗ ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት አይቷት ይመለሳል፤ እኔ ግን ሙሉ ቀን እንዲሰጧት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ታሪኳ ያለው በድንጋይ ላይ ነው፤ ድንጋዩም የሚነበበው እንደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ነው።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላ ወይም ጋቢ ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይሂዱ። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ እስኪያበቃ ከምእመናኑ ጋር ቆመው ይጠብቁ፤ ከዚያም ካገኟቸው አባት መስቀል ተሳልመው የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ ይጠይቁ። ሳይጠይቁ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው።

ፍርስራሹ አሁን ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ሕንጻውን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። የሐድያ ገዥ ልጅ የነበሩት እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆነው ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. በልጅነታቸው ሲነግሡም አገሩን ያስተዳደሩት፣ ማቴዎስ የተባለውንም መልእክተኛ እስከ ፖርቱጋል የላኩት እርሳቸው ነበሩ። ሕንጻው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። ካቶሊክ በሆኑት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት መልሰው ሊያቆሙት ሠርተውበታል፤ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት መልሰው ካወጁ በኋላ ግን ካህናቱ ብዙ ሳይቆዩ ከአገር ተባረሩ። ስለዚህ ግድግዳውን ሲያዩ አንድ ዘመን ብቻ እንዳያስቡ።

እኔ መጀመሪያ የሄድሁት በቀትር ነበርና ቅርጹ ሁሉ ጠፍጣፋ ሆኖብኝ አዝኜ ተመለስሁ። በማግስቱ በጧት ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባ ቅጠል በቅጠል ተለየ፤ የሐረጉም ጥምዝ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ እንደሚሳለው ሐረግ አንዱ ባንዱ ሥር እየገባ ሲወጣ በግልጽ ታየኝ። አንድ ድንጋይ መርጠው፣ ክንድ ያህል ርቀው፣ ጥላው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ይቁሙ። በእጅ መዳሰስም ሆነ በካቡ ላይ መውጣት አይገባም፤ የወደቀ ስባሪ ቢያገኙ እንኳ ባለበት ይተዉት፤ አንድ ጊዜ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ከየትኛው መስኮት እንደ ወደቀ ማንም ሊናገር አይችልም።

ከቅጽሩ ሲወጡ በአጥሩ ሥር ባሉት መንደሮች መካከል ቀስ ብለው ይለፉ። ደበሎ የለበሱና አኮፋዳ ያነገቱ የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ይሰማሉ፤ ለእነርሱ የሚሆን ዳቦ ወይም ቆሎ ይዞ መውጣት መልካም ነው። የኔታ ጉባኤ ላይ ተቀምጠው ካዩ ራቅ ብለው ያዳምጡ እንጂ ትምህርቱን አያቋርጡ። ጠላ ከሚሸጥበት ቤት ሲደርሱ ሳይጠሩ አይግቡ፤ «ቤቶች!» ይበሉ፤ «ደጆች!» የሚል መልስ ይመጣል።

ጉብኝትዎ ከገበያ ቀን ጋር እንዲገጥም አስቀድመው ሰው ይጠይቁ። ጋቢ የደረቡ ባለቁምጣ ገበሬዎች ጤፋቸውን ሲያወርዱ፣ ሸማች እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ እየበተነ ነጭነቱን ሲመረምር ማየት የአገሩን ኑሮ ያሳያል።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ወደ ግድግዳው አንድ ጊዜ ይመለሱ፤ በጧት ጥላ የነበረው ገጽ በዚህ ሰዓት ብርሃን ያገኛል። ከዚያ ወደ መናኸሪያ ወርደው የነገውን መኪና መነሻ ሰዓት ይጠይቁ፤ አውቶቡሶች ማልደው ይነሣሉ።