ዌልሄዱ እንዳይደክም፦ ከጣና ዳሩ ግንድ እንጀምር

ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ባሕር ወለል ላይ ስላለ የነዳጅ ጉድጓድ ዌልሄድ፣ ማለትም ጉድጓዱ አፍ ላይ ስለሚቆመው ብረት፣ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ከስሙ በቀር ባሕር የለንም። ግን ጣና ዳር ጀልባ የሚታሰርበትን ግንድ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጀልባው ቀኑን ሙሉ በገመዱ ሳብ ለቀቅ ያደርገዋል። የሚጎተተው ከላይ ነው፤ የሚላላውና የሚሰነጠቀው ግን ከታች፣ ጭቃው ውስጥ በሚገባበት ቦታ።

ሰሞኑን ቡና ላይ አንድ የመካኒካል ተማሪ «ጋሼ፣ ባሕር ወለል ላይ ያለን ብረት ማዕበል እንዴት ያገኘዋል?» አለኝ። በራይዘሩ በኩል ነዋ! የቁፋሮ መርከቧ ከላይ ስትወዛወዝ፣ ከእሷ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ራይዘር የሚባለው ረጅም ቱቦ ውዝዋዜውን ይዞ ይወርዳል። በራይዘሩና በዌልሄዱ መሀል ደግሞ ቢኦፒ አለ፤ ጉድጓዱ ካመለጠ የሚዘጋው የቫልቭ ክምር ማለት ነው። የጥልቅ ባሕር ቢኦፒ ከ300 ቶን በላይ ሊመዝን፣ ቁመቱም 15 ሜትር ሊደርስ ይችላል። አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር እንኳ የማይሞላው ጣና ውስጥ ቢቆም በአብዛኛው ቦታ አናቱ ብቅ ይል ነበር።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ራይዘሩ ቢኦፒው አናት ላይ በ100 ቶን ኃይል ተወጥሮ 1 ዲግሪ ቢዘምም፣ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል 1.75 ቶን ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። በ15 ሜትር ክንድ ሲባዛ ግን ዌልሄዱን የሚያጎብጠው 26 ቶን-ሜትር ይሆናል፣ ያውም የቢኦፒውን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር። ማዕበሉ በየ10 ሰከንዱ ቢመጣ ይህ በቀን 8,640 ጊዜ ይደገማል። ሽቦ በእጃችሁ እያጠፋችሁ እየዘረጋችሁ የምትበጥሱት በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱ መታጠፍ ምንም አላደረገም፣ ብዛቱ ነው የበጠሰው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ዌልሄዱ ሥር ባለችው ብየዳ ላይ ጫናው በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው በግማሽ ብቻ አይጨምርም፣ ወደ 8 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ትንሽ መቀነስ ራሱ ዋጋ አለው። ከተቻለ አጠርና ቀለል ያለ ቢኦፒ ያለው መርከብ ምረጡ። የራይዘሩን ውጥረት ግን ዝም ብላችሁ አታብዙ፤ ራይዘሩን ቀጥ ያደርገዋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ያሳድገዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም አስልታችሁ መሀሉን ፈልጉ። የውኃው ፍሰት ራሱ ራይዘሩን እንደ ክራር ጅማት የሚያንቀጠቅጥበት ቦታ ከሆነ ዙሪያውን ጠመዝማዛ ክንፍ ይልበስ።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚያዋጣው ቢኦፒውን ማሰር ነው። በአራት አቅጣጫ ባሕሩ ወለል ላይ መልሕቅ ወይም ከባድ ክብደት ይቀመጣል፣ ከዚያ ገመዶቹ ቢኦፒው ላይ በተቻለ መጠን ከፍ ብለው ይታሰሩና ይወጠራሉ። የድንኳን ገመድ በሉት። ከላላ ግን ጥቅም የለውም፤ በየጊዜው ውጥረቱ ይታይ።

ጉድጓዱ ገና ያልተቆፈረ ከሆነ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ስፋቱ ለምሳሌ 36 ኢንች የሆነ ኮንዳክተር፣ ማለትም የጉድጓዱን የውጪኛ ቱቦ፣ ውሰዱ። የውስጠኛው ቤት (ቱቦውን የሚይዘው የብረት አካል) ከውጪኛው ጋር ያለ ክፍተት ጥብቅ ብሎ የሚቆለፍበትን ዓይነት ዌልሄድ እዘዙ፤ ክፍተት ካለ ውስጠኛው ብቻውን ይታጠፋል፣ ያኔ መከራውን የምታየው ከሥሩ ያለችው ብየዳ ናት። በቱቦዎቹ መሀል የሚሞላው ሲሚንቶ እስከ የት እንደወጣ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ ስሌቱን ሞልቶም ጎድሎም ሥሩት፣ የባሰውን ያዙ። በዚያ ላይ በዕድሜው ስሌት ብዙ ጊዜ 10 እጥፍ መጠባበቂያ ይወሰዳል፤ ይኼ ማጋነን አይደለም፣ ብየዳዋ የተቀበረች ናት፣ ወርዶ የሚያያት የለም።

ጥልቀቱ አነስተኛ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ጥቂት መቶ ሜትር ላይ የማዕበሉ ውዝዋዜ ብዙ ሳይበርድ ነው ዌልሄዱ ጋ የሚደርሰው።

ሥራው ሲጀመር ቢኦፒው ላይ የእንቅስቃሴ መለኪያ ይገጠም፣ የተለካው ከተሰላው ጋር ይነጻጸር። ማዕበሉ ከተስማማችሁበት ልክ ሲያልፍ ራይዘሩን ፍቱና ጠብቁ፤ አለቃ ቢቆጣም ይቆጣ። ቢኦፒው ስንት ቀን እንደቆየ፣ ባሕሩ ምን እንደሚመስል፣ ከብረቱ ዕድሜ ስንት እንደተበላ ጻፉና ከጉድጓዱ ሰነድ ጋር አስቀምጡት። ከዓመታት በኋላ ጉድጓዱን ሊጠግን ወይም ሊዘጋ የሚመጣው መርከብ ምናልባትም ከእናንተ የከበደ ቢኦፒ ይዞ፣ እዚያችው ብየዳ ላይ ነው የሚቆመው።