የመስኮት መብራት ቦርድ አሠራር

አራት ኪሎ ያለችው ክፍሌ መስኮት ላይ ቀለም የሚቀያይር መብራት አለ። ባለ 30 አምፖል፣ ደብሊውኤስ 2812ቢ የሚባለው የኤልኢዲ ጥቅል (ስትሪፕ) ነው።

አርዱዪኖ ናኖውን (መብራቱን በኮድ የሚያዝዘውን ትንሽ ሰሌዳ) ባለ ቀዳዳ ቦርድ ላይ በይዱት። ከዲ6 እግሩ ወደ ጥቅሉ የዳታ መግቢያ የሚሄደው ሽቦ ላይ የ330 ኦም ሬዚስተር አስገቡ። ጥቅሉ ላይ የታተመችውን ቀስት እዩ፤ መግቢያው በጭራዋ በኩል ነው። ገልብጣችሁ ከገጠማችሁ ንቅንቅ አይልም።

ዋናው ጣጣ ኃይሉ ነው። አንዱ አምፖል ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይበላል፤ 30ው ሲደመር 1.8 አምፔር። ይህን ሁሉ በናኖው በኩል አታሳልፉት። ባለ 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ቻርጀር በቀጥታ ለጥቅሉ ስጡት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ መሃል የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይግባ፤ ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ኔጌቲቭ ነው። የናኖውና የቻርጀሩ ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር) የግድ ይገናኝ።

የናኖውን ኮድ በፋስትኤልኢዲ (እንዲህ ላሉ መብራቶች በተዘጋጀ የኮድ ላይብረሪ) ጻፉት። ድምቀቱን ከመጨረሻው ከ255 ወደ 80 አውርዱት፤ ከዚያ በላይ ማታ ጎረቤት ያስቆጣል።