ያረጀ ቤተክርስቲያን ለማሳደስ ገንዘብ እንዴት ይሰበሰባል

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ ይባልና በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቁሞ ልመና ይጀመራል፣ ስንት እንደሚያስፈልግ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚ መጀመሪያ ህንጻውን አስመርምሩ፣ የድሮ ህንጻ የሚያውቅ መሃንዲስ ይሁን ግን። የድሮ ግንብ አብዛኛው በኖራ ነው የተሰራው፣ ላዩን በሲሚንቶ ከለሰናችሁት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፣ አደስን ብለው ያበላሹት ስንቱ አለ መሰላችሁ።

ከዛ ስራውን ከፋፍሉት። ጣሪያና አሸንዳ ይቅደም፣ እያፈሰሰ ስዕል ማሳደስ ገንዘብ መድፋት ነው። ለያንዳንዱ ክፍል ዋጋ አስወጡና ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት መጠባበቂያ ጨምሩበት፣ አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አይታወቅማ። በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ፈቃዱን አሁኑኑ ጀምሩት፣ ትልልቅ ለጋሾች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

አካውንቱ ለብቻው ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣ። ገቢና ወጪውን በየወሩ ለጥፉ፣ ምንም ባይገባም ለጥፉ፣ ዝም ካላችሁ ወሬው በሳምንት ይደርሳል።

ልመናው ላይ፣ አቅም ያላቸውን መጀመሪያ በግል በር እያንኳኳችሁ አናግሩ፣ ለህዝብ ይፋ ስታደርጉት የሆነ ያህል የገባ ይኑር፣ ባዶ ሳጥን ውስጥ ቀድሞ መክተት ማንም አይወድም። "ለእድሳት" ብቻ አትበሉ፣ አንድ መስኮት ይሄን ያህል፣ አንድ ቆርቆሮ ይሄን ያህል በሉ፣ ሰው እጁ የት እንዳረፈ ማየት ይፈልጋል። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል በ2019 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰበሰበለት፣ ሲነድ ዓለም በቀጥታ አይቶት ነዋ። የናንተ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው፣ ካላሳያችሁት ማንም አያየውም፣ ስለዚ የሚያፈሰውን ቦታ ዝናብ እየዘነበ ቪዲዮ አንሱት፣ ሲጠገንም ከዛው ቦታ ቆማችሁ ድገሙት።

ቃል የተገባና የገባ ገንዘብ አንድ አይደለም፣ ለየብቻ መዝግቡ፣ ከኮንትራክተር ጋርም እጃችሁ ላይ ባለው ልክ ብቻ ተፈራረሙ። በነጻ ልስራ የሚል ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሙያ ከሌለው ግን ድንጋይና ጣሪያ ላይ አይውጣ፣ ጽዳትና ማጓጓዝ ስጡት። የሚተርፍ ካለ ምን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ እኔ ብሆን በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ለአሸንዳ ማስጠረጊያ አስቀምጠው ነበር።